ስሙን ጻፊልኝ

ሰውየው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከረሜላ ቢመጥም የመጠጡን ሽታ አልሸፈነለትም። ነርሷ የደም ግፊቱን ስትለካ እጁ ተንቀጠቀጠ።

«ብርዱ ነው» አላት። ክፍሉ ግን ይወብቃል።

ሐኪሙ፣ አንጎል ራሱ ጭንቀትን የሚያበርድ ንጥረ ነገር እንደሚሠራ፣ መጠጥ ሲደጋገም ግን ይህ እንደሚዛባ አስረድቶት መውጣቱ ነው።

«እህቴ፣ የዚያን ነገር ስም ጻፊልኝ እስቲ።»

«ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?»

«ሰው ሲበዛ ልቤ ይርዳል። በልጄ ሠርግ ቀን ጠጥቼም እግሬ እምቢ አለኝ፤ ቀረሁ። ንቆኝ ነው ብላ ይኸው ሦስት ዓመት አኩርፋኛለች።»

ነርሷ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል «ኢንዶካናቢኖይድ» ብላ ጻፈችለት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ረጅም ነው» አለ፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ እያጠፈ። «ረጅም መሆኑ ጥሩ ነው። ልጄ ታምነኝ ይሆናል።»