ከአገር ሰው ያልተገዛው ቤት

የሮማን ልጣጭ በትልቅ የመዳብ ጋን ሲፈላ የሚሰጠው ሽታ መራራም ጣፋጭም ነው። ታይቤ ተወልዳ ያደገችው በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ኢራን ውስጥ፣ ታብሪዝ ከተማ፣ ከትልቁ ገበያ ጀርባ፣ አባቷ ኡስታ ቃዲር ለምንጣፍ ሠሪዎች ሱፍ የሚያቀልሙበት ቤት ነበራቸው። ግቢው ዘወትር እርጥብ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ላይ ቢጫና ቀይ ክር ይንጠባጠብ ነበር። ሽታው በፀጉሯም፣ በደብተሯም፣ በሠርግ ልብሷም ሳይቀር ገባ። በሠርጉ ማግስት አማቷ አንገቷን አሽትተው፣ «እኛ ሙሽራ አመጣን ስንል ሮማን ተሸክመን መጥተናል» ብለው መሳቃቸውን እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ያንን ቤት ባለፈው ክረምት ሸጠችው።

አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ታናሽ ወንድሟ ጋፋር ወደሚኖርበት ወደ ኢስታንቡል መጥታ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ያረጁ ምንጣፎች እየጠገነች ትኖራለች። በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ጎህ ሳይቀድ ትሰለፋለች። በየዓመቱም መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ቀና ሳይል፣ «ዘንድሮስ ፈቃዱ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ይላታል። ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የሶልማዝን ነገር ነው።

ሶልማዝ አንድያ ልጇ ናት፤ ባሏን ተከትላ ጃፓን፣ ኦሳካ ገብታለች። በታብሪዝ ወግ ልጅ ሊወለድ ሲል የሕፃኑን ልብስ ሁሉ፣ ከካልሲው እስከ ብርድ ልብሱ፣ አሰናድታ ይዛ የምትሄደው የአራሷ እናት ናት። እናቷ በሕይወት እያለች ያልመጣችላትን አራስ ሰው እናት እንደሌላት ቆጥሮ ያዝንላታል። ከአራት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ልጅ ሊወለድ ሲል ታይቤ ሱፉን በገዛ እጇ አቀለመች፤ ብርድ ልብሱን ሠራች፤ ሻንጣዋን ዘግታ ቪዛ ጠየቀች። ከለከሏት። እንደገና ጠየቀች። «እንደምትመለሺ ማረጋገጫ የለንም» አሏት። ባል የሌላት፣ በምትኖርበት አገር ቤት የሌላት፣ የኢራን ፓስፖርት የያዘች ሴት፤ ወረቀቷን ሲያዩ ከዚህ ሌላ የታያቸው ነገር አልነበረም።

ሶልማዝ በስልክ ምስል እየታየች አማጠች። በመጨረሻው ሰዓት ምስሉ ደርቆ ቀረና ታይቤ አርባ ደቂቃ ሙሉ የሆስፒታል ጣሪያ ስታይ ቆየች። ብርድ ልብሱ በፖስታ ዞሮ ዞሮ ሲደርስ ልጁ ጥርስ አብቅሎ ነበርና ጫፉን ነከሰው። ታይቤ የማቅለሚያ ቤቱን ለመሸጥ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው፤ ደህና ገዢ እስኪገኝ ግን ዓመታት ፈጀ።

ነገሩን አጣርታ አውቃዋለች። ቱርክ ውስጥ ሕጉ የወሰነውን ያህል ዋጋ ያለው ቤት የገዛ የውጭ አገር ሰው፣ ሦስት ዓመት ላይሸጠው ግዴታ ከገባ ዜግነት ይሰጠዋል። በቱርክ ፓስፖርት ደግሞ ጃፓን ያለ ቪዛ ገብቶ ሦስት ወር መቀመጥ ይቻላል። የፈቃድ ሰልፍ ይቀራል፤ ባንክ ቤትም የኢራን ፓስፖርቷን አገላብጦ «ይቅርታ እናቴ» የሚላት አይኖርም።

ጋፋር ይህን ሲሰማ ሳቀ። ታላቅ እኅቱን የሚጠራት በአገራቸው አጠራር ባጂ እያለ ነው።

«ባጂ፣ ሰው ለአንዲት ደብተር ብሎ የአባቱን ቤት ይሸጣል?»

«ደብተር መቼ ገዛሁ? የምገዛው ቤት ነው። ጣሪያ አለው፣ ይከራያል፣ ነገ ለልጄ ይቀራል። ደብተሯ ምራቂ ናት።»

«ምራቂዋ ከዕቃው በለጠቻ!»

«አንተማ ምን አለብህ፣ ቱርክ አግብተህ በነጻ አገኘሃት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባል ልፈልግ?»

ጋፋር እጁን ሰጠ። እንዲያውም ሊረዳት ተነሣ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ከታብሪዝ የመጣ ሰው ቤት ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስበው፣ ባዕድ ከሚጠቀም የአገር ልጅ ይጠቀም ብሎ ነው። ጋፋርም ሐጂ በይራምን አገኘ። ሐጂ የኡስታ ቃዲርን ሬሳ የተሸከሙ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚሁ ኢስታንቡል ባሕር የሚያይ ቤትም አላቸው። ሐጂና ጋፋር እጅ ለእጅ ተመታቱ፣ ጣፋጭ ተበላ፣ ነገሩ አለቀ። በታብሪዝ ገበያ እጅ ከተመታና ጣፋጭ ከተበላ በኋላ ፊርማ የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ ነው። ታይቤም ደስ አላት።

ለዜግነቱ ጉዳይ የያዘቻት ጠበቃ ግን የሐጂን ወረቀት አየችና መነጽሯን አወለቀች።

«ሻጩ የየት አገር ዜጋ ናቸው?»

«የኛው ሰው ናቸው እንጂ! እንደ አባቴ ናቸው።»

«እንደ አባትዎ መሆናቸውን ሕጉ አያውቅም፣ እመቤቴ። ለዜግነት የሚቆጠረው ከቱርክ ዜጋ የተገዛ ቤት ነው። ይህ ቤት መኖሪያ ይሆንዎታል፤ ፓስፖርት ግን አይሆንዎትም።»

ሶልማዝ የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው።

«እማዬ፣ አትቆጪኝ። ሁለተኛው መጥቷል።»

«መቼ ነው?»

«ጥር ላይ። ግን እንደዚያኛው ጊዜ እንዳትጨነቂ፣ እኔ...»

«እመጣለሁ።»

«እማዬ...»

«እመጣለሁ አልኩሽ! ዳግመኛ ብርድ ልብስ በፖስታ አልልክም።»

ጠበቃዋ ሌላ ቤት ፈለገችላት። አንድ ጡረተኛ የመርከብ ሰው የሚሸጠው፣ ባሕር የማያይ፣ አሳንሰር የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ታይቤ ሁለት ጊዜ ወጥታ ወርዳ ጉልበቷን ፈተነችና ተስማማች። ከሰኞ ጀምሮ ሕጉ የሚጠይቀው ዋጋ በጣም ከፍ ይላል ተብሎ ታውጆ ስለ ነበር፣ የመዝገብ ቤቱ ቀጠሮ ለዓርብ ከቀትር በኋላ ለስምንት ሰዓት ተያዘ። ዓርብ ካለፈ የማቅለሚያ ቤቱ ገንዘብ አይበቃም። ዓርብ ከተፈረመ ግን ወረቀቱ ስድስት ወር ቢፈጅ እንኳ ለጥር ይደርሳል።

ሐጂን ሳይነግሯቸው መቅረት ግን አይገባም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ የግዢውን ወረቀት የያዘ ማኅደሯን ይዛ ጋፋር ቤት ገባች። ጋፋር አፍሮ ምንም አልነገራቸውም ነበርና፣ ሐጂ ለደስታው አዲስ ኮት ለብሰው ነው የመጡት።

«ታይቤ ልጄ፣ አንቺን ሳይ የኡስታ ቃዲርን እጅ ያየሁ ይመስለኛል። ያው ቢጫ ጣት!» አሉ፣ ስኳሩን በጥርሳቸው ይዘው ሻይ እየማጉ።

ታይቤ ማኅደሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጋፋር ወዲያው የጣፋጩን ሳሕን አንሥቶ ማኅደሩ ላይ አስቀመጠበት።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቤትዎን ልገዛው አልችልም። የሚቆጠርልኝ ከዚህ አገር ዜጋ የገዛሁት ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ነዎት።»

«እኔ? የውጭ አገር ሰው? ሃያ ዓመት የኖርኩ!»

«እኔም ያው ነኝ፣ ሐጂ። ለዚህ እኮ ነው የምሮጠው።»

«ባጂ፣ ሐጂ ለዜግነት አመልክተዋል» አለ ጋፋር ቶሎ ብሎ። «ዓመት ብትታገሺ ይሰጣቸዋል፤ ያኔ ትገዢያለሽ። እጅ ተመትቷል እኮ!»

«ፅንስ ዓመት ይታገሣል እንዴ፣ ጋፋር? እጁን የመታኸው አንተ፣ የምታምጠው ልጄ።»

ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። ፊታቸው ተለውጧል። «እንግዲያው ቤቱ የአንቺ ነው» አሉ። «ዋጋ የሚባል እንዳታነሺብኝ። ስጦታዬ ነው፣ ውሰጂው!»

በአገራቸው ወግ እንዲህ ሲባል ማንም ከልብ ነው ብሎ አይወስደውም። መልሱም የታወቀ ነው፤ «አላህ ያቆይልን፣ እንዴት ተደርጎ» ይባላል፤ ከዚያ እምቢ ያለው ያፍርና ይለሳለሳል፣ የሰጪው ሐሳብ ይጸናል። ታይቤ ይህን መልስ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመልስ ኖራለች።

«ሐጂ፣ በስጦታም ቢሆን አይሆነኝም» አለች።

ጋፋር በሻዩ ታነቀ። ሐጂ በጥርሳቸው የያዙትን ስኳር ቆረጠሙትና ድምፁ በክፍሉ ተሰማ። ታይቤ ሽማግሌውን አየቻቸው፤ የአባቷን ቃሬዛ በቀኝ በኩል ይዘው የሄዱ እኚሁ ናቸው። ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

«እንዲህ ሆነን አንለያይም» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ጋፋር፣ ሻይ ጨምር። ተቀምጠን እንነጋገር።»

«ምሳም ቀርቧል» አለ ጋፋር፣ ብርጭቆዋን እየሞላ። «ቁጭ በይ ባጂ፣ መዝገብ ቤቱ አይሸሽም።»

ሰዓቱ ሰባት ከሩብ ነበር፤ መንገዱ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። የአገሯን ስንብት ደግሞ ታውቀዋለች። ተቀምጠው «በፈቃዳችሁ» ይላሉ፤ «ገና ነው» ይባላሉ። ተነሥተው ይሉታል፤ አንድ ሻይ ይጨመራል። በር ላይ የዘመድ ሁሉ ጤና ይጠየቃል፤ ደረጃ ላይ የተረሳው ይታወሳል፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከመስኮት ሆነው ይመራረቃሉ። አንዲት ቃል ካወጣች ከአንድ ሰዓት በፊት ከዚያ ቤት አትወጣም።

ታይቤ ብድግ አለች። ሳሕኑን አንሥታ ማኅደሯን ሳበች፤ የተራገፈበትን ስኳር በቢጫ ጣቷ ጠረገች። «በፈቃድዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ሁለቱ ወንዶች ቀና ብለው ሲያዩዋት፣ የሚጤሰውን ሻይ ትታ ወጣች።