ያለ ጓንት

ዘይቱና እጇን የምትደብቅ ሴት አይደለችም። ልደታ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ሕፃናት የምትከትብ ነርስ ናት። ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ስታልፍ ሳኒታይዘር ታሻለች፣ በመሃል በሳሙና ትታጠባለች፣ ሳይደርቅላት እንደገና ታሻለች። እንዲህ ስትል ከርማ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ቀላ፣ ተሰነጣጠቀ፣ የእጇ ጀርባም ቅርፊት ያዘ። የቆዳ ሐኪሙ ችፌ መሆኑንና ወደ ማንም እንደማይጋባ ነግሮ ቅባት አዘዘላት፤ ሳሙናና ሳኒታይዘር ማደራረቡንም እንድትተው መከራት። ሥራውን ግን አልተወችም። ለምን ትተዋለች?

ጌጃ ሰፈር ያሉት ዘመዶቿ ከሐኪሙ ይልቅ ዓይናቸውን አመኑ። ሰላም ሲሏት ክርናቸውን ይሰጧት ጀመር። ኮሮና ካለፈ ወዲህ ክርን የሚሰጣጡት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ነገሩ የፈላው ታናሽ እህቷ ጀነት ልታገባ ሂና በምትቀባበት ቀን ነው። በቤታቸው ልማድ የሙሽራዪቱን መዳፍ መጀመሪያ ሂና የምታስነካው እናት፣ እናት ከሌለች ታላቅ እህት ናት፤ ከዚያ የሂናውን ሳህን ይዛ እንግዶቹን በየተራ ትቀባለች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ጀነትን ያሳደገቻት ዘይቱና ናት። ይህን ቀን ማንም እንዲወስድባት አትፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ዘይቱና ሳህኑን ስታነሳ፣ አክስታቸው እትዬ ሺፋ ጓንት ይዘው መጡ። ከፋርማሲ አስገዝተው ነው፤ አስበውበታል ማለት ነው። እከክ ለሙሽራ ጥሩ እንዳልሆነ፣ ሰውም ምን እንደሚል አንስተው፣ ለራሷ ክብር ስትል እንድታጠልቀው በለሰለሰ ድምፅ ነገሯት። ከሁሉም ያንገበገባት ያ የለሰለሰ ድምፅ ነው።

«እትዬ ሺፋ፣» አለች፣ «እጄ እንዲህ የሆነው ከመታጠብ ብዛት ነው። የልጅ ልጅዎን ስከትብ የሌላ ልጅ በሽታ እንዳላሻግርበት ብዬ ነው። ጓንቱን አላጠልቅም።»

ዘይቱና ወደ ጀነት ዞረች። የፈራችው ይህንን ነበር፤ እህቷ ዓይኗን ብትሰብር አለቀላት። ጀነት ግን እጅጌዋን ሰብስባ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋችላት።

ዘይቱና ያልደረቀውን አንድ ስንጥቅ በፕላስተር ሸፍናው ነበር። በሌሎቹ ጣቶቿ ሂናውን ዛቅ አድርጋ ቀባቻት። አቃጠላት፤ ፊቷን አላኮማተረችም። ስትጨርስ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ የሚቀባ ይምጣ አለች። ማንም ንቅንቅ አላለም። እሷም ሳህኑን ለማንም አላስረከበችም፤ ሂና ያማራት በእሷ እጅ ታልፋለች፣ አለቀ። መጨረሻ ላይ ጎረቤታቸው ነጅማ እየሳቀች መጣች፤ ልጃገረዶቹም ተከተሏት።

እትዬ ሺፋ በእህታቸው ልጅ ሠርግ ሂና ሳይነካቸው ዋሉ። መልካቸው ቁርጥ እናቷን ነውና ዘይቱናን ከፋት። ሂናው ሳህኑ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ይዛላቸው ተቀመጠች። ግን አልለመነቻቸውም።