ከመስኮቱ ሥር ያለች እድፍ

የትነበርሽ ወልደ ገብርኤል የምትተዳደረው ያላለቀን ቤት ያለቀ አስመስላ በመሥራት ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ስሪዲ» ትላለች። ጠያቂው ካልገባው «ቤቱ ሲያልቅ ውስጡ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር እሠራለሁ» ትላለች፤ ያም ካልገባው ትተወዋለች። አባቷ መምሬ ወልደ ገብርኤል ከተተዉት መካከል ናቸው። አዘዞ ካለው ደብራቸው ቅዳሴ ሲወጡ ስለ ልጃቸው የሚጠይቃቸውን ሁሉ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አይገፉም።

መጀመሪያ ላይ የምትሠራቸው ክፍሎች ከመጠን በላይ የተወለወሉ ነበሩ። ግድግዳው አንድ ወጥ ነጭ፣ ሴራሚኩ መስታወት፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ምላጭ። አንድ ደንበኛ አይቶ «ሸጋ ነው፤ ግን ሰው የሚኖርበት አይመስልም» አላት። ተናደደች። ሰውየውን ሳምንት ሙሉ በሆዷ ስትሰድበው ሰነበተች፤ እውነቱን መሆኑ ሲገባት ደግሞ የገዛ ቤታቸውን እንደ እንግዳ ታየው ጀመር። ብርሃን በመስኮት ገብቶ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ አስተዋለች፤ ቀዩ ምንጣፍ ላይ ካረፈ ግድግዳውንም ቀላ ያደርገዋል። ስለት ያለው ጠርዝ በቤታቸው አንድም የለም፤ ሁሉም በእጅ ብዛት ዶልዱሟል። የመጋረጃው አንዱ እጥፋት ከሌላው እኩል አይወርድም፤ ሶፋውም አባቷ በሚቀመጡበት በኩል ጎድጎድ ብሏል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ሥራዋ አስገባችው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ የሁለት ቀን ልፋቷን ይዞ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ከአፏ የሚወጣው ለቄስ ልጅ የሚገባ አይደለም። የሆነ ሆኖ ደንበኛ በዛላት።

ከሁሉ የምትኮራው ግን በአንዲት እድፍ ነበር። የአባቷ ቤት መስኮት ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። ውሃው ግድግዳውን ይዞ ይወርድና ሲደርቅ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ መሀሉ የገረጣ እድፍ ትቶ ይሄዳል። ፎቶ አነሳቻትና ጥሩ አድርጋ አደብዝዛ በምትሠራው ሳሎን ሁሉ ከመስኮት ሥር ታሳርፋት ጀመር። አንድም ሰው እድፊቱን ልብ ብሎ አያውቅም። ክፍሉን እውነተኛ የምታደርገው ግን እሷ ናት ትላለች፤ ልክም ናት።

እንዳልካቸው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። አዘዞ ላይ ቀለምና ብሎኬት ይሸጣል፤ እናት አባቱ ስለሞቱ መምሬ ወልደ ገብርኤል የንስሐ አባቱም አባቱም ናቸው። ቤት ጀምሯል፤ ቤቱ ግን ከምሰሶ አላለፈም። ፌሮው ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሳሎን ይሆናል የተባለው ላይ አረም በቅሎበታል።

«ሳሎኑን ሥሪልኝ፤ ፎቶ ነው እስኪባል ድረስ» አላት።

ሠራችለት። እንደ ልማዷ ከታች ጥጉ ላይ በትንሹ «ንድፍ» ብላ ጽፋበት ነበር።

«እሱን አጥፊልኝ እቴ፤ ያበላሸዋል» አላት።

ለግንበኞቹ የሚያሳየው መስሏት አጠፋችው። እንዲያውም ደስ አላት። ጽሑፉ ከጠፋ በኋላ ስታየው ራሷንም ሊያሞኛት ደርሶ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባቷ ከሄዱበት ውለው ገቡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ራት ቀርቦ አንድ ሁለት እንደጎረሱ ወሬያቸውን አመጡት።

«ኮሶዬ ደርሰን መጣን፤ ለእንዳልካቸው ሽምግልና። የአድማሴን ልጅ ትርንጎን ጠየቅንለት፤ ተፈቀደ።»

«እሰይ!» አለች የትነበርሽ።

«አባትየው ብልህ ሰው ነው። ቤት አለው ወይ አለኝ። አለው፤ ውስጡንም አይቻለሁ አልሁት።»

እጇ ገበታው ላይ ቀረ። «መቼ አዩት አባባ?»

«በስልኩ አሳየኝ። ሄጄ እንዳላይ ጉልበቴ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተጠራጥሬው ነበር፤ ዘንድሮ የሌለውን አለ ብሎ የሚያሳይ መች ጠፋ? ኋላ ግን ከመስኮቱ ሥር እድፍ አየሁ። ዝናብ ያስገባል ማለት ነው። የሚያታልል ሰው ቢሆን እድፉን ይሸሽገው ነበር አልሁ። ነውሩን ያልደበቀ ልጅ አይዋሽም ብዬ አመንሁት።»

 የትነበርሽ ዝም ብትል የሚያጋልጣት አልነበረም። ነገር ግን አባቷ በአገሩ ያላቸው ሀብት ያው ቃላቸው ነው። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች እሳቸው «አይቻለሁ» ካሉ መሣሪያቸውን ያወርዳሉ፤ ድንበር የተጋፉ ገበሬዎች እሳቸው በረገጡት ይታረቃሉ። የሙሽራዪቱ ወገን ደግሞ ዛሬም ነገም ይሁን ቤቱን ሊያይ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም የሚያገኘው አረም ነው። ያን ቀን ውሸታም የሚባለው እንዳልካቸው ብቻ አይሆንም።

ተነሣች። ስልኳን ከፍታ ሳሎኑን አወጣችና ከመስኮታቸው ሥር፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግታ ያዘችው።

«አባባ፣ ያዩዋት እድፍ ይቺ ናት።»

መምሬ ወልደ ገብርኤል ስልኩን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ደግመው ስልኩን አዩ። በየዓመቱ አስለስናታለሁ እያሉ ያለፏትን እድፍ ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ቤቱስ?»

«ቤት የለም። ምሰሶ ነው ያለው። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለሽምግልና መሆኑን ግን አላወቅሁም።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ አልተቆጡም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያሉ ስንቱን ቃሉን ያስጠበቁ ሰው ናቸው፤ አሁን የተናገሩትም የወለዱትም አንድ ላይ መጡባቸው። እንዳልካቸው ተጠርቶ መጣ፤ አልካደም። «እስከ ጥር ይደርስልኛል ብዬ እኮ ነው መምሬ» አለ። ዋሸሁ ብሎም አላሰበም፤ እውነቱን ትንሽ አስቀድሞ የተናገረ ነው የመሰለው። እንዲህ ያለ ሰው አገሩን ሞልቶታል።

በማግስቱ አባትና ልጅ በሚኒባስ ኮሶዬ ወጡ። አያ አድማሴ ከደጁ ተቀብሎ ወንበር አቀረበላቸው። መምሬ አልተቀመጡም።

«አድማሴ፣ ቤቱን አየሁ ያልሁህ ሐሰት ነው። ያየሁት ሥዕል ነው። የሠራችው ይቺ ልጄ ናት፤ ለምን እንደተፈለገ ግን አላወቀችም። ቤቱ ገና ምሰሶ ነው። ቃሌን ልመልስ መጣሁ።»

 የትነበርሽ ማስረጃ መስሏት ስልኳን አውጥታ ዘረጋችለት። በእጁ መለሰው።

«ተይው ልጄ። ያን ዕለትም ከአባትሽ ጋር የመጣው አንዱ ሽማግሌ ስልክ ሲዘረጋልኝ አላየሁለትም።» ወደ አባቷ ዞረ። «ምነው መምሬ፣ እኔ ስልክ አይቼ ልጅ እድራለሁ? የሰጠሁት እርስዎ አየሁ ስላሉኝ ነው።»

የትነበርሽ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ያን ሁሉ የለፋችበትን ብርሃን፣ ጥላ፣ እጥፋት እዚህ ቤት አንድ ሰው አላየላትም። ሥራዋ ያታለለው አባቷን ብቻ ነው።

«አሁን የለም ካሉኝም የለም» አለ አያ አድማሴ። «ትርንጎ ትቆይ። ልጁ ሰነፍ አይመስለኝም፤ ቤቱን ይጨርስ። ሲጨርስ እርስዎ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው ይምጡና ይንገሩኝ። ያኔ እሰጠዋለሁ።»

ሰውየው ቂም እንዳልያዘ ከድምፁ ያስታውቃል። የትነበርሽ ተመስገን ልትል ነበር።

«አይሆንም አድማሴ» አሉ መምሬ። «ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ። ዓይኔስ ደኅና ነው፤ ግን ከእንግዲህ አየሁ ብዬ ለመመስከር እፈራለሁ።»

 የትነበርሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። አባቷም ተይ አላሏትም።