ነጠላው የተዘቀዘቀበት ሠርግ

ልጆቹ ትናንት ከበውኝ "አኮ፣ የዚያን ሠርግ ነገር ንገሪን" አሉኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ የልጅ ልጆቼ ሁሉ የሚጠሩኝ እንዲያ ነው። ስልክ ላይ አንድ ፎቶዬን አግኝተዋል። ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ አንድ እጄን ወገቤ ላይ ጥዬ ቆሜያለሁ። "ሞዴል ነበርሽ እንዴ?" ብለው ይንከተከታሉ። አዎ፣ አንድ ቀን ነበርኩ።

እኔ አንድ ቦታ ተቀምጬ አልውልም። ትልቁ ልጄ ሸነን ላይ ያርሳል፣ እህቴ እጃጂ ትኖራለች፣ ትንሿ ልጄ አምቦ። እዚህ ጥቂት እዚያ ጥቂት እያልኩ እዞራለሁ። "እናታችን የምትኖረው ሚኒባስ ውስጥ ነው" ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር ላይ የሚገኘው ጨዋታ የትም ቤት አይገኝም።

ያን ጊዜ ትንሿ ልጄ የቢሮ ሥራዋን ትታ አምቦ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታ ነበር። እሷ "ዲዛይነር ነኝ" ትላለች። ወንድሞቿ "ወንበሯን ትታ መርፌ የጨበጠች" እያሉ ያሾፉባታል። ያ ሠርግ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው፤ የሙሽሪትንም የሚዜዎቹንም ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት። ካማረላት አምቦ በሙሉ ደጇን ያጣብበዋል። ክፉ ወሬ ከወጣበት ግን ስፌት ቤቱ አከተመለት፤ ቢሮዋም ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። እንቅልፍ አልነበራትም፣ ምስኪን።

ከሁሉ የምትፈራው ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች፤ የከተማው ዘናጭ። ጸጉሯ ዛሬ ማር ይመስላል፣ በሳምንቱ የወይን ጠጅ። የለበሰችውን ስልኳ ላይ የለቀቀች እንደሆነ ጉደር ድረስ ያሉ ሴቶች ያንኑ ፍለጋ ይወጣሉ። "ብዙ ተከታይ አላት" ይሉኛል፤ እኔ ሳያት ግን ሁልጊዜ ሦስት ጓደኞቿ ብቻ ናቸው ከኋላዋ። እሷ ሻሽ ስታስር ያስራሉ፣ ስትፈታ ይፈታሉ።

ከሠርጉ በፊት እጃጂ የእህቴ ጎረቤት አርፎ ልቅሶ ቤት ነበርኩ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ከዚያው ተነስቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ነጠላዬን እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቄ ነበር፤ ጥለቱ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ አንገቴ ዙሪያ። መንገድ ላይ እገለብጠዋለሁ አልኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ምራቷን ማማት ጀመረች፤ እንዲህ ያለ ወሬ ተገኝቶ ነጠላ ትዝ ይላል? እንደዚያው ሆኜ የሠርጉ ድንኳን ገባሁ።

ሴቶቹ ዞር ዞር ብለው አዩኝ። ልጄ ከሙሽሪት ወንበር አጠገብ ሆና አየችኝና ፊቷ ዐመድ መሰለ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ በእጄ ሰላምታ ሰጠኋት። እሷ በሰው መሀል እየተጋፋች ወደ እኔ ስትመጣ ያቺ ዘናጭ ቀድማ ደረሰች።

"እማማ! እንዴት ያምራል!" አለች ጮክ ብላ። "ጥለቱን አንገት ላይ? እኔስ እስከ ዛሬ የት ነበርኩ!"

ወዲያው የራሷን ነጠላ ዘቅዝቃ ለበሰች። ሦስቱ ጓደኞቿ ተከተሏት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ፣ "እጅ ወገብ ላይ" አለችኝ፣ ፎቶ አነሳችኝ። ይህን ያዩ ሌሎች ቆነጃጅት ደግሞ ከፋሽኑ እንዳይቀሩ እየተሽቀዳደሙ ዘቀዘቁ።

ልክ ያኔ መብራት ጠፋ። ሙዚቃው ጸጥ።

በዚህ መሀል የሙሽራው አጎት፣ ትልቅ፣ የተከበሩ ኦቦ ናቸው፣ ከእንጭኒ ዘግይተው ደረሱ። ድንኳን አዩ። ጸጥታ። ደጃፉ ላይ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ተደርድረዋል። ሰውየው ከዘራቸውን ጣሉት።

"ዋዮ! ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተብኝ!" ብለው ደረታቸውን ይደልቁ ጀመር። አብረዋቸው የመጡትም ለቅሶውን ተቀበሏቸው። የሙሽሪት እናት ጩኸቱን ሰምተው ከጓዳ ወጡ፤ ነገሩን ሳይጠይቁ እሳቸውም ማልቀስ! ሙሽራው ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ መጣ።

ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው አገላብጠው አዩት። "አለህ እንዴ?"

"አለሁ እንጂ፣ አባባ! ገና ማግባቴ እኮ ነው!"

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የሙሽሪት እናት ግን አልሳቁም። እንባቸውን ጠርገው "የልጄን ሠርግ ልቅሶ ያደረገው ማነው? ማነው የጀመረው?" አሉ። ልጄ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች። ያኔ ገና ጥፋቴ ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል ዘናጯ ከፊቴ ገባች።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች። "አዲስ ፋሽን መስሎኝ። የልቅሶ መሆኑን በምን አውቄ!"

"ኧረ ጉድ!" አሉ አንዲት ባልቴት። "ጥፍር መቀባት ብቻ! ነጠላ መልበስ የምታስተምርሽ እናት የለሽም?"

ያ ሁሉ ሰው ሳቀባት። ወንዶቹ ሳይቀሩ። እሷም አብራ ሳቀች። የሙሽሪት እናትም በመጨረሻ ፈገግ አሉና "ከተሜ! ነይ እስቲ" ብለው ነጠላዋን በገዛ እጃቸው አስተካከሉላት። እኔ የራሴን ገልብጬ እልል አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ እየገለበጡ እልል! መብራቱም መጣ። ከእንጭኒ የመጡት ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው ሲጨፍሩ የሚያቆማቸው ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ዘናጯ ገበያ በወጣች ቁጥር "ማን ሞተብሽ?" ይሏታል። እሷ ደግሞ ልጄ ቤት መጥታ "አንዴ ተስቆብኛል፤ ጥለቱ አንገቱ ላይ የሆነ ቀሚስ ስፊልኝ፣ በደንብ ይሳቁ" አለች። ተሰፋላት። ሳቁ በዓመት በዓሉ አለቀ፤ ለፋሲካ ልጄ ቤት ሰልፍ ነበር። ወንድሞቿም ለሚስቶቻቸው ሊያሰፉ መጡና ወረፋ አስጠበቀቻቸው፣ አበጀች!

ከዓመታት በኋላ ሸነን ገበያ ከአንዲት ነጠላ ሻጭ ጋር ጨዋታ ያዝን። የዚያች ዘናጭ አክስት ሆና ተገኘች። ሠርጉን አንስቼ "ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስ ምን እንደሆነ የማታውቅ ልጅ" ብዬ ብስቅ ሴትየዋ አልሳቀችም።

"እሷ?" አለችኝ። "አባቷ የሞተ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። እናቷን አይታ እኔም አለች፣ ብንለምናት እምቢ። ዓመቱን ሙሉ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሰችው። በየጠዋቱ የማለብሳት እኔ ነበርኩ።"