በሁዳዴ የተቀባሁት የብብት ሽቶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አዲስ የብብት ቅባት ገዝታ መጣች። «እማዬ፣ የድሮውን ትቻለሁ፤ ይሄኛው ኬሚካል የለውም፣ ከሎሚ ነው የሚሠራው» አለችኝ። ሎሚ ስትል ሳቄ መጣ። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ ገና በሃያ ዓመቴ፣ ደባርቅ ላይ ነው። ያውም በውርደት።

ከአዲስ አበባ በአስተማሪነት ተመድቤ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ዲዮዶራንት ነበረኝ። የደባርቅ ውሃ ጠዋት እጅ ይቆርጣል። እኔም መታጠቡን እያሳነስኩ ሽቶውን አበዛሁት፤ ከላይ ደግሞ ናይለን ሹራብ እደርብበታለሁ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ በላብ እጠመቃለሁ። እንግዲህ ሞኝነት ቢባል ከዚህ በላይ ምን አለ?

ጠዋት ልጆች፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ መሠረተ ትምህርት እናቶችን አስተምር ነበር። መጀመሪያ የፊት ወንበር ይሻሙ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር ተጠጋጉ፣ ከዚያ ጭራሽ መቅረት ጀመሩ። ጾሙ ሲጋመስ አምስት ብቻ ቀሩኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርቶ «ክፍሉ ባዶ ከሆነ ለበላይ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለኝ። በዚያ ዘመን ሪፖርት ቀላል ነገር አልነበረም፤ እንቅልፍ አጣሁ። ላቤ ሸቷቸው ነው ብዬ ስለደመደምኩ ክፍል ከመግባቴ በፊት በር ኋላ ቆሜ እጥፍ አድርጌ መቀባት ያዝኩ።

ከአምስቱ አንዷ አከራዬ እትዬ ዘሀራ ነበሩ፤ ቅመምና ሎሚ ነጋዴ። አንድ ቀን ከትምህርት አብረን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«መምህርት፣ ልንገርሽ ወይስ እንደነሱ ልሽሽ?»

«ኧረ ይንገሩኝ» አልኩ።

«ሽቶሽ ነው። እኔስ እስላም ነኝ፣ ምሳዬን በልቼ ነው የምመጣ። እነሱ ግን እህል ሳይቀምሱ ነው የሚውሉት፤ በባዶ ሆድ ያጥወለውላቸዋል። ደሞ በጾም ሽቶ መቀባት ምን የሚሉት ነው ይላሉ። አስተማሪ ናት ብለው አፍረውሽ እንጂ።»

«እኔኮ ላቤ የሸተታቸው መስሎኝ ነው።»

«እሱም አልቀረ» አሉ፣ ሳይስቁ። «ወላሂ፣ ሁለቱ ተደባልቆ ነው የፈጀን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ቤት እንደደረስን ውሃ አሞቁልኝ፤ ከቆላው፣ ከድብ ባሕር በኩል ከመጣላቸው ሎሚ አንዱን ለሁለት ከፈሉና «ታጠቢና ብብትሽን እሺበት፤ ትንሽ ቆይተሽ ተለቅለቂ» አሉኝ። ለካ የዚያን ዕለት ጠዋት ብብቴን ተላጭቼ ኖሯል! ጮኼ ዘለልኩ። እትዬ ዘሀራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ እኔም እያቃጠለኝ ሳቅሁ። ሹራቡንም አስወልቀው የራሳቸውን የጥጥ ቀሚስ አለበሱኝ።

ሽቶውን በሎሚ ተካሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴን ስላላመንኩ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ የጥቁር ሰሌዳውን ታችኛውን ግማሽ ብቻ እጽፍበት ነበር። እትዬ ዘሀራ ለሴቶቹ ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ አንድ በአንድ ተመለሱ። ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀር አንዲት እናት ስማቸውን ጽፈው ደብተራቸውን ይዘው መጡና እንዳርምላቸው ትከሻዬ ላይ ደገፍ አሉ። የሚታረም አልነበረውም። ቶሎ እንዳይሄዱብኝ ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

እትዬ ዘሀራ ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚነግረኝን ሰው አከራይ አድርጎ የሰጠኝን አምላክ አመሰግናለሁ። አሁን አርጅቼ ዕድር ላይ ስቀመጥ አንዳንዴ አጠገቤ ያለው ሰው ወንበሩን ፈቀቅ ሲያደርግ አየዋለሁ። ወሬ አብዝቼ ይሁን ሌላ ነገር፣ እንጃ። ምነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሁሉም በትሕትና «ኧረ ምንም» ይሉኛል።