የደጃዝማቹ በር

አያ ባህሩ ከቤታቸው ሳይወጡ ሁለት ክረምት አለፈ። እግራቸው ከዳቸው እንጂ አፋቸው አልከዳቸውም፤ መካነ ሰላም ገበያ ላይ የሆነውን ሁሉ አልጋ ላይ ሆነው ያወሩታል፣ ያውም ሄዶ ካየው ሰው አሳምረው። የሰፈር ጎረምሶች ተሸክመው ፀሐይ ሊያሞቋቸው ቢመጡ፣ በሰው እጅ የሚወጣ ሬሳ ብቻ ነው ብለው አባረሯቸው።

ልጃቸው ሀያት ይህን ሰምታ ከጅዳ ዊልቸር ላከች። ዊልቸሩ ከደሴ በአውቶቡስ ጣራ መጥቶ ደጃፋቸው ደረሰና እዚያው ቀረ። የማይታጠፍ ዓይነት ነው፤ ስፋቱ ስልሳ ስምንት ሳንቲ፣ የቤቱ በር ደግሞ ስልሳ ሁለት። ሚስታቸው እትዬ ኡሙልኸይር በማዳበሪያ ሸፍነው አቆሙት። ዶሮዎቹ ለነሱ የተላከ መስሏቸው ይሰፍሩበት ጀመር።

ሌላ ቤት ቢሆን ግንበኛ ጠርቶ በግማሽ ቀን መቃኑን ማስነቀል ነበር። የኛ ሰፈር ግን ጥብቅ የቅርስ ሰፈር ተብሏል። በር፣ መስኮት ወይ ጣራ መንካት የፈለገ ማመልከቻ፣ አራት ፎቶግራፍና ንድፍ ይዞ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። እኔ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የጻፍኩትን እነግራችኋለሁ፤ ያልጻፍኩት ይበልጣል።

የእትዬ ኡሙልኸይር ማመልከቻ ሲመጣ መዝገቡን ገለጥን። ከዚያ ቤት ከሁሉ በላይ የተጠበቀው በሩ ሆኖ አረፈው! ከስድስት ዓመት በፊት መዝጋቢዎች ሲመጡ አያ ባህሩ ደህና ነበሩ። ገንፎ አበሏቸውና፣ በዚህ በር አንድ ደጃዝማች ጎንበስ ብለው ገብተው አድረዋል፣ አያቴ በሩን ዝቅ አድርገው ያጠበቡት ሹም ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እንዲገባ ነው አሏቸው። የኛ አገር ሰው እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ሌላ ካጣ ታሪክ ይሰጠዋል። መዝጋቢዎቹም እንደ ገንፎው ሳያላምጡ ዋጡት።

ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። ኢንጂነራችን ይሄነው ከበሩ የጠበበ ዊልቸር ይፈለግ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የቅርስ ባለሙያዋ መሰረት በጓሮ ሌላ በር ይከፈት አለች፤ የጓሮው ግድግዳ ከገደል አለት ጋር የተጣበቀ መሆኑን ነገርኳት። የሽማግሌዎቹ ተወካይ አያ ደሳለው ብቻ ሰው ሰው የሚሸት ነገር ተናገሩ። የአያ ባህሩ ጎረቤትና አብሮ አደግ ናቸው፤ ጓደኛቸው ከታመሙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ያጫውቷቸዋል። ደጃዝማቹ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ባህሩ ግን ገና አልሞተም አሉ። መሰረት መመሪያውን አነበበች፤ መዝገቡ ስህተት መሆኑ ካልተረጋገጠ በሩ አይነካም። በመጨረሻ ቦታው ድረስ ሄደን ልናይ ወሰንን።

ሐሙስ ዕለት ተራ በተራ አጎንብሰን ገባን። ይሄነው ግንባሩን ተመታ፤ ደጃዝማቹን የረገመው በልቡ ነው። ገና ሳንቀመጥ እትዬ ኡሙልኸይር ባላቸው ፊት ቆሙ።

«ወላሂ ከእንግዲህ አልደብቅልህም፤ ወይ ደጃዝማችህን ያዝ፣ ወይ ፀሐይህን» አሉ።

አያ ባህሩ ኮሚቴውን አላዩም፤ ያዩት አያ ደሳለውን ነበር።

«በዚህ በር የገባ ደጃዝማች የለም። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በሰባ አምስት፣ በደርግ ጊዜ» አሉ።

መሰረት ማስረጃ ጠየቀች። የጉበኑን ጭቃ ፈቅፍቁት አሏት። ይሄነው በቁልፉ ሲፈቀፍቀው ጭቃው ተንሸራቶ ወረደ፤ ከሥሩ በጋለ ብረት የተተኮሰ «የቀበሌ ንብረት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጉበን የሆነው ግንድ አጭር ስለነበር በሩም ጠቦ ቀረ፤ ለምን ጠበበ ላለ ሁሉ ደጃዝማቹ መልስ ሆኑ።

እኛ የኮሚቴው ወጣቶች ልንስቅ ዳድቶን ነበር። አያ ደሳለው ግን የዚያ ቀበሌ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። በሰባ አምስት አንድ ግንድ ጠፍቶ ሁለት ወር ታሰሩ፣ ከሥራም ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ደሳለው ግንዱ» ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ እያልኩ ሮጬባቸዋለሁ። አያ ባህሩም አርባ ዓመት ሙሉ በዚያው ስም እየጠሩ ሲስቁባቸው ኖረዋል። አፈርኩ፤ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ።

አያ ደሳለው አጎንብሰው ወጡ።

ያለ ሽማግሌ ፊርማ ፈቃድ አይሰጥም። ነገሩ እዚያው አለቀ ብዬ ነበር። በማግስቱ አያ ደሳለው ቢሮ መጡና የት ልፈርም አሉኝ። አሳየኋቸው። ሌላ የሚሉት ነገር እንዳለ ብጠይቃቸው፣ ሰውየውን ከታሰረበት ቤት ፈትቼዋለሁ፣ ማየት ግን አልፈልግም አሉ። ያን ጠዋት ወደ አያ ባህሩ ቤት አልሄዱም፤ በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በኋላም።

ግንበኛው እውነትም ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት። አያ ባህሩ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጠው ወጡ፤ ፀሐዩ ዓይናቸውን ስለወጋው ጨፈኑ። ሰፈሩ ወደ ገበያ ይሄዳሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ሚስታቸውን ሃያ እርምጃ አስገፍተው አያ ደሳለው ደጅ አቁሚኝ አሉ። እስከ ምሳ ተቀመጡ። የወጣ ሰው የለም። በነጋታውም ሄዱ። ስምንት ቀን ተመላለሱ፤ አንድ ቀን ዝናብ መታቸው፣ ንቅንቅ አላሉም።

በዘጠነኛው ቀን አያ ደሳለው ዱካ በእጃቸው ይዘው ወጡ። አልተቀመጡም።

«ስሜን ጥራ» አሉ።

«ደሳለው።»

«ከነአባቴ። ሰፈሩ ይስማ።»

አያ ባህሩ ሁለት እጃቸውን የዊልቸሩ ክንድ ላይ ተክለው፣ ሊነሱ የሚሞክሩ ይመስል ቀና አሉ።

«ደሳለው ምናለ!» ብለው ጮኹ። «ደሳለው ምናለ ሌባ አይደለም! ሌባው እኔ ነኝ፣ ባህሩ!»

ሴቶች ከየደጁ ወጡ። እኔም ከቢሮ መስኮት ሰማሁት። አያ ደሳለው ዱካውን አስቀምጠው ከጎናቸው ተቀመጡ።