ከሰብሳቢዋ ደጅ የተነሳው ማዳበሪያ

የበደለችኝ የጽዳት ማኅበራችን ሰብሳቢ ናት። ጊዜውም ደብረ ታቦር ላይ ባጃጅ መታየት በጀመረበት ሰሞን፣ የቡሄ ማግስት ነው። ስሟ መጽሐፍ ላይ ወጥቶ ደስ እንዳይላት ትቼዋለሁ።

ቆሻሻ ለምናነሳው ሴቶች ወፍራም ጓንት ተሰጥቶን ነበር። ሰብሳቢዋ መጋዘን ቆለፈችበትና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ጓንቱ የሚወጣው እንግዳ ሊጎበኘን ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳው ሲሄድ ከየእጃችን ትለቅመዋለች፤ "ይቆሽሽብኛል" ትላለች። ለቆሻሻ የተገዛ ጓንት እንዳይቆሽሽ የሚጠነቀቅ ሰው ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ጋሪ እንገፋ ነበር። ከተማው ዳገት ነው፤ ላለመመላለስ የየቤቱን ማዳበሪያ አፉን ፈትተን ቆሻሻውን በእጃችን ወደ ታች እንጠቀጥቃለን። ዱላ ይቀደዋል። ስናመነታ ካየች ሰብሳቢዋ "ጠቅጥቁት እንጂ፣ ነፋስ ነው እንዴ የምትገፉት?" ትለናለች።

ያን የቡሄ ማግስት ጠዋት ዝናቡ ገና አላባራም። ከእሷ ደጅ ማዳበሪያ አንስቼ ስጠቀጥቅ የተሰበረ የጠጅ ብርሌ ቀኝ እጄን ከአውራ ጣቴ ሥር ሰነጠቀው። የጋሪ ጓደኛዬ መቀነቴን ፈትታ አሰረችልኝና በሩን አንኳኳች። ሰብሳቢዋ ብቅ አለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ብርሌሽ ነው።"

"ታዲያ በጓንት አትሠሪም?"

"ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው" አልኋት።

ጓደኛዬ ሳቀች። ነገሩን ያከፋው ያ ሳቅ ይመስለኛል።

በሥራ ላይ የተጎዳን ሰው ማኅበሩ ያሳክመው ነበር። ለዚህም ሰብሳቢዋ በስብሰባ ፊት መመስከር ነበረባት። ስብሰባው እስኪጠራ እጄን በጨውና በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍሁ ጠበቅሁ። ቀኑ ሲደርስ ድሮ እኔ በፈተልሁላት ነጠላ ተሸፋፍና መጣችና እንዲህ አለች፦

"እሷ በሥራ ላይ አልተጎዳችም። የቡሄ ዕለት ቤቷ እንጨት ስትፈልጥ ነው። በዓል መሻር ምን እንደሚያመጣ እዩት እንግዲህ።"

ሴቶቹ "እግዚኦ" አሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ቀሚሷን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። ደሜን በእጇ ያሰረችው ጓደኛዬ መሬት መሬት ታያለች።

"አንቺ አብረሽኝ አልነበርሽም?" አልኋት።

"እኔ እንኳ ጋሪውን ይዤ ነበር፤ ልብ አላልሁም" አለች።

ስትስቅ ግን ልብ ብላ ነበር።

ጤና ጣቢያ በራሴ ሄድሁ። ሐኪሙ እጄን ገልብጦ አየና "ጅማቱ ተበጥሷል፤ እስካሁን የት ነበርሽ?" አለኝ። ስብሰባ ስጠብቅ ነበር ብለው ምን ይለኛል? አውራ ጣቴ ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። እንዝርት ማሾር የማልችል ሴት ሆኜ ቀረሁ። ፈትሌ በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ ሸማኔው ክሬን በዳሰሳ ይለየው ነበር። እሷም ታውቃለች፤ የእኔን ፈትል ለብሳ ነው የዋሸችብኝ።

ቁስሉ ሲደርቅ ወደ ጋሪው ተመለስሁ። ከሰብሳቢዋ ደጅ ስደርስ ግን አልፌ እሄዳለሁ፤ ጓደኛዬም ጋሪውን እንደያዘች ትከተለኛለች። ማዳበሪያዋ ዝናብ እየመታው ከረመ፤ ውሻ በተነው፤ ጎረቤት አጉረመረመ። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ምነው የእኔን ረሳችሁት?"

"በዓል የሻረ እጅ ደጅሽን እንዳይነካ ብዬ ነው።"

ወደ ስብሰባ አላቀረበችውም። የማዳበሪያው ነገር ከተነሳ የብርሌውም ይነሳልና። መጋዘኑን ከፈተች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ቆሻሻዋን ራሷ ተሸክማ ወሰደች። ጓንቱም ቆሸሸ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እስክተው ድረስ ከደጇ አንድም ማዳበሪያ አላነሳሁም።